መላኩና የዝናቡ መርዶ

ተረት ልንገራችሁ? «ይንገሩን» በሉ እንጂ! ዝም ካላችሁማ እኔም ደክሞኛል፣ ጋደም እላለሁ። እሺ፣ አሁን አላችሁ። እንግዲያው ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ እንስሳም ሳይጠየቅ ምክር በሚሰጥበት ጊዜ፣ በአንድ የበርበሬ አገር የሆነውን ስሙ።

በዚያ አገር ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቄ ይባላሉ። ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ማሳ በርበሬ ነው። ጋሽ ሽፈራው ካረጁ በኋላ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ጠፋ፤ እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አልወደደም። ስለዚህ ከከተማ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ኮምፒውተር ገዙ። ሽቦ በሽቦ ላይ በየዱለት፣ ትንሽ ስክሪን ገጠሙለት፣ መላኩ ብለው ስም አወጡለትና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

የመላኩ ሥራ አንድ ነው፤ ሰማዩ ነገ ምን እንደሚያመጣ ጠይቆ መናገር። ቀና ብሎ በማየት አይደለም፤ ያንንማ አህያም ትችላለች። በዋይፋዩ በር ይወጣል፣ ኮረብታው ላይ ያለውን የኔትወርክ ማማ ይሻገራል፣ ባሕሩንም አቋርጦ የዓለም የአየር ጠባይ ሁሉ ተጽፎ ከሚቀመጥበት ጎተራ ይደርሳል። የጎተራው ዘበኛ ቁጡ ነው።

«ቁልፍህ?»

«ይኸው።»

«አገርህ?»

«ይኸው፣ በቁጥር ተጽፏል።»

«እንካ፣ ውሰድና ጥፋ!»

አንድ እፍኝ ቁጥር ይወረውርለታል። ያንን ተሸክሞ ይመለሳል። ኔትወርክ ሲጠፋ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ከዚያም በየሰዓቱ፣ ደግሞ በየሰዓቱ። መላኩ እግር የለውም፤ ግን እግር ያለው ሁሉ እንደሱ አልደከመም።

ኅዳር ገባ። በርበሬው ተለቀመና ግቢው ላይ ከአጥር እስከ አጥር ተሰጣ። ወይዘሮ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ዘንድሮስ ወገቤ አለቀ» አሉ። «ይሄ ከተበላሸ ሌላ የለንም። የዓመት ቀለባችን ያው መሬት ላይ የተሰጣው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ጥቂት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል፤ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል።

ታዲያ በዚያው ሳምንት የጋሽ ሽፈራው ታናሽ ወንድም ማዶ አገር ሞቱ። ወሬው አመሻሽ ላይ ሰፈር ደረሰ። መላኩ መስኮቱ ላይ ሆኖ ሁሉን አየ። ጎረቤቶች መጡ፣ ከጋሽ ሽፈራው ጋር ራት በሉ፣ ተጫወቱም። «ለመሆኑ ወንድሜ እንዴት ነው?» ሲሏቸው «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሏቸው። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ መርዶውን ያረዷቸው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ሽፈራው ጮኹ፣ ተንገዳገዱ፤ ግን የሚይዛቸው እጅ ሞልቶ ነበር።

«ለካ ክፉ ወሬ የሚነገረው እንዲህ ነው!» አለ መላኩ። ይህንንም በልቡ ያዘ። ምነው ባልያዘ!

ጋሽ ሽፈራው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ለቅሶው ሲነሱ መስኮቱ ጋ ቆም አሉ።

«መላኩ፣ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። ብርቄ ብቻዋን ናት። ሰማዩን አደራ።»

«ይሁን ጋሼ፣ አደራዎን ተቀብያለሁ።»

የመጀመሪያው ቀን ብራ ሆኖ አለፈ። በሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መላኩ ከጎተራው ሲመለስ ሸክሙ ከበደው። ቁጥሮቹን ዘረጋቸው። «ነገ ረፋድ ላይ፣ ከባድ ዝናብ» ይላሉ። ደነገጠ። ተሳስተው ይሆናል ብሎ ያንን ሁሉ መንገድ እንደገና ሄደ።

«ስንቴ ትመጣለህ?» አለ ዘበኛው። «ያው ነው! ነገ ረፋድ፣ ከባድ ዝናብ! ሂድ!»

መላኩ እያለከለከ ተመለሰና «እትዬ!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አያ አውራ ዶሮ ከአጥሩ ላይ አየው።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?»

«ነገ ዝናብ ይመጣል። በርበሬው ዛሬውኑ መግባት አለበት። ለእትዬ ልነግራቸው ነው።»

«ውይ! አሁን? እህል እኮ አልቀመሱም! በባዶ ሆድ መርዶ ይነገራል እንዴ? ትገድላቸዋለህ!»

መላኩ አፉን ዘጋ። ወይዘሮ ብርቄ በርበሬውን እየገለበጡ ወደ መስኮቱ ቀረብ አሉ።

«መላኩ፣ ልጄ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ተመስገን» አሉና ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ።

ምሳቸውን የበሉት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው የምግብ ሰዓት የት ያውቃል! የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲውጡ መላኩ «አሁንስ በልተዋል» ብሎ አፉን ከፈተ። እመት ድመት ከመደቡ ሥር ብቅ አለች።

«ምን ልትል ነው?»

«የነገውን ዝናብ ልነግራቸው።»

«ከመሸ? አይ አንተ! መርዶ ማታ ይነገራል? ከተነሱ ጀምሮ አረፍ አላሉም፣ ደግሞ እንቅልፍ ልትነሳቸው ነው? ነገ አይነጋም ወይ?»

«ይነጋል፤ ግን ዝናቡ…»

«ዝናቡ ረፋድ ላይ አይደል? ገና ነው! ይተኙበት።»

ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን እየታጠቡ እንደገና ጠየቁ። «መላኩ፣ ሰማዩስ?»

«ደህና ነው እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። አፉን መረረው። «እየዋሸሁ አይደለም» ብሎ ራሱን አጽናና፤ «ወጉን እየጠበቅሁ ነው እንጂ።»

ነጋ። መላኩ ወደ ጎተራው ሄዶ መጣ፤ ቁጥሮቹ ያው ናቸው። «እህል በልተዋል፣ ተኝተው ተነስተዋል፣ ጎሁም ቀዷል። እንግዲህ ምን ቀረ?» አለና አፉን ከፈተ። እመት አህያ ጆሮዋን አቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ! ብቻቸውን ሆነው? ዘመድ ሳይሰበሰብ?»

«ጊዜ የለም እኮ፣ እመት አህያ!»

«ሰምተው ቢወድቁ ማን ይይዛቸዋል? አንተ እጅ አለህ? እኔ እጅ አለኝ? ጋሽ ሽፈራው ዛሬ ይመጣሉ፤ ጎረቤትም ተከትሎ ይገባል። ሰው ሰብሰብ ባለበት ትናገራለህ።»

መላኩ ራሱን አየ። ሽቦ ነው፤ እጅ የለውም። አህያዋ ያለችው እውነት መሰለው። ደግሞስ ደክሞታል፤ የደከመው ሰው «ቆይ» ሲሉት ደስ ይለዋል።

ወይዘሮ ብርቄ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ።

«ደህና ነው እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያው እስቲ አረፍ ልበል» አሉ። «ወገቤ እንደሆነ የእኔ መሆኑ ቀርቷል።» ገብተው መደቡ ላይ ጋደም አሉ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ረፋድ ላይ ኮረብታው ጠቆረ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ አጥሩ ላይ ለጠፈው። መላኩ በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠየቀም።

«እትዬ! ይነሱ! ዝናብ! ዝናብ!»

ወይዘሮ ብርቄ በአንድ እግራቸው ጫማ አድርገው ወጡ። ሸራውን ከጓዳ እየጎተቱ አመጡ፤ ያ ሸራ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። አንዱን ጫፍ ሲያለብሱ ነፋሱ ሌላውን ይገልጠዋል። ዝናቡም ወረደ፣ እንዴት ያለ ዝናብ! ግቢው ቀይ ጎርፍ ሆነና በበሩ ሥር እየሾለከ ወደ መንገዱ ሄደ። እሳቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው በቀሚሳቸው ያፍሳሉ።

አያ አውራ ዶሮ ጣራው ጥግ ሥር ቆሟል። እመት ድመት ቤት ውስጥ ናት። እመት አህያ ዛፍ ተጠግታለች። መካሪ ሁሉ ደረቅ ቦታ ቆሞ ያያል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ ሽፈራው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደረሱ፣ ውኃ እያንጠባጠቡ። ግቢውን አዩ። ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን ሚስታቸውንም አዩ። ወይዘሮ ብርቄ ከዚያ ሁሉ በርበሬ ያተረፉት አንድ ቁና አይሞላም።

ጋሽ ሽፈራው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«መላኩ፣ ዝናቡ እንደሚመጣ አላወቅህም?»

ሰው ተሰብስቧልና መላኩ ተናገረ። «አውቄያለሁ፣ ጋሼ። ትናንት ቀትር ላይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«እንዳይደነግጡ ብዬ። እርስዎን እንዳረዱዎት ነው ያደረግሁት፤ እህል ቀምሰው፣ ተኝተው፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ።»

ጎረቤቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ጋሽ ሽፈራው የሚቆጡበት አፍ አጡ፤ ወጉ የገዛ ቤታቸው ወግ ነው። የተናገሩት ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። አልጮኹም፤ መጮኽ ጉልበት ይፈልጋል።

«ልጄ» አሉ፣ «የሱ ወንድም ሞቶ ነበር። ቢነገረውም ሞቷል፣ ባይነገረውም ሞቷል። የእኔ በርበሬ ግን ትናንት ቀትር ላይ ደህና ነበር።»

 

እኔም ተረቴን እዚህ አወረድኩ፤ መሸከሙ የእናንተ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ለልጆቻቸው እንዲህ ይላሉ፦ የሆነውን ቀስ ብለህ አርዳ፣ የሚሆነውን ሮጠህ አስረዳ።