ነጭ የሚታጠብበት ቀን

የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት አቶ ጥጋቡ ቦይለራቸው ውስጥ አሮጌ ጎማ እያነደዱ ሰፈሩን ጥቀርሻ ሲያለብሱ ይከርማሉ፤ የጭስ ተቆጣጣሪ የሚመጣ ለት ግን የሚነደው ንጹሕ ናፍጣ ነው። አንድ ቀን ጎረቤታቸውን ልብስ አጣቢዋን፣ «ስለ ጭሴ አንዲት ክፉ ቃል ከተነፈስሽ፣ እኔ ዘንድ የምትሠራውን ልጅሽን አባርራታለሁ» ብለው አስፈራሩና ተቆጣጣሪውን ይዘው ከደጇ ደረሱ።

«በይ ንገሪያቸው፤ ጭሳችን አስቸግሮሽ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

የተቆጣጣሪው ዓይን ግን በየአጥሩ ከተሰጣው ነጠላና አንሶላ ላይ ቀረ። «ሰፈሩ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ምን በዓል ደርሶ ነው እናቴ?»

«በዓላችንማ እርስዎ ነዎት ጌታዬ! ነጭ የምናጥበው እርስዎ የመጡ ለት ብቻ ነው፤ እባክዎ ቶሎ ቶሎ ይምጡልን።»

አቶ ጥጋቡ ጥርሳቸውን ነከሱ። ስለ ጭሱ እንደሆነ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ታዲያ ልጇን በምን ያባሯት!