ጨው የማይበላው ቀለም

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁንም አውሱኝ። ብረት ስለሚበላው ጨው፣ ጨው ስለማይበላው ቀለም ላውጋችሁ።

በጨው ሐይቅ ዳር፣ ዓዶሌ በምትባል የአፋር መንደር፣ ይመር የሚባል የወሎ ሰው ይኖር ነበር። ሥራው ሹፌርነት ነው። ጨው ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል፣ እህል ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። ያለችው አንዲት የጭነት መኪና ናት። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ዳገት አልፈራችም፣ ጭነት አላማረረችም። ግን ጨው ይበላት ነበር።

ጨው ጥርስ የለው፣ ሆድ የለው፣ ብረት ይበላል። መጀመሪያ ምስር የምታህል ነጥብ ያወጣል። ከዚያ በቀለሙ ሥር ሥር ይሄድና ቀለሙን ያሳብጠዋል። ከዚያ ብረቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። ይመር በዓመት አንድ ጊዜ ቀይ ቀለም ያስቀባታል፤ በሦስት ወር ተልጦ ያልቃል። አንድ ቀን ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ሻንሲውን፣ መኪናዋን የሚሸከመውን ብረት፣ በመፍቻ መታ አደረገው። መፍቻው ብረቱን ቀዶ ገባ። ይመር የረገፈውን ዝገት ከፊቱ ላይ ጠረገ። አራት ሰው የማያነሳውን ብረት፣ በእጅ ተዘግኖ የሚበተን ነጭ ዱቄት እንዲህ አደረገው። መናደዱን ረስቶ ተገረመ።

ከሥሯ ሲወጣ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጨው የማይበላው ቀለም።

ወደ ከድጃ ሄደ። ከድጃ የመንደሩ ቀለም ቀቢ ናት፤ ሙያውን ከአባቷ ተምራ፣ አባቷ ሲያርፉ ጋራዡን የያዘችው እሷ ናት።

«ከድጃ፣ ቀለም ፈልጌ ነበር» አላት።

«ምን ዓይነት ይሁንልዎት ጋሽ ይመር? ቀይ ነው እንደ ድሮው?»

«መልኩ የፈለገው ይሁን። ብቻ ጨው አይብላው።»

ከድጃ የቀለም መርጫውን አስቀመጠችና እጇን ጠረገች። «እንግዲያው ይምጡ» አለችው።

ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደችው። እዚያ፣ ውሃው እየመጣ በሚመለስበት ቦታ፣ ሦስት ችካሎች ተተክለዋል። በየችካሉ ላይ አንድ አንድ የላሜራ ቁራጭ ታስሯል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከድጃ ራሷ ቀብታ፣ ራሷ አስራ፣ ለጨውና ለፀሐይ ትታቸው ነበር።

የመጀመሪያው የተለመደው የመኪና ቀለም ነው። ከላሜራው የተረፈው ሽቦው የታሰረበት ጠርዝ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሬንጅ ነው። ፀሐይ ሰነጣጥቆታል፣ በስንጥቁ ጨው ገብቷል፣ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ሦስተኛው ከሁለት ቆርቆሮ እየተቀላቀለ የሚቀባ ወፍራም ቀለም ነው። ላዩ ላይ ጨው ጣት የሚያህል ሆኖ ተጋግሯል። ከድጃ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ጨዉ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ወደቀ። ከሥሩ ቀለሙ ዛሬ እንደተቀባ ያበራ ነበር። ይመር የገዛ ፊቱን አየበት። ሊነካው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ይሄን ስጪኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እርስዎ መርጠውታል፤ እሱ ደግሞ የሚቀመጥበትን ይመርጣል» አለች ከድጃ። «ዝገት ላይ አይዝም። ከያዘ ግን አይለቅም።»

ቀለሙ ዝገት ላይ አልይዝ አለ፤ ይመርም ጨው የማይበላው ቀለም ፈልጎ ቆመ።

ዝገቱን ለማስለቀቅ ሁለቱም ተነሡ። በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ላይ ላዩ ሄደ፤ በየጉድጓዱ የተቀመጠው ግን ንቅንቅ አላለም። «ይሄን የሚያወጣው በአየር ግፊት የሚረጭ አሸዋ ነው» አለች ከድጃ። «መርጫው አለኝ፣ ኮምፕሬሰሩ አለኝ። አሸዋ ያምጡልኝ።»

ዝገቱ ያለ አሸዋ አልለቅ አለ፤ ቀለሙ ዝገት ላይ አልይዝ አለ፤ ይመርም ጨው የማይበላው ቀለም ፈልጎ ቆመ።

አሸዋ መች ጠፍቶ። ይመር ከደረቁ ወንዝ አንድ ጆንያ ሞልቶ መጣ። ከድጃ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል አደረገችና ተፋችው። «ጨው ጨው ይላል። ይሄን ከረጨንበት ጨዉን በገዛ እጃችን ብረቱ ውስጥ ዘራነው ማለት ነው። ጨው በሌለው ጣፋጭ ውሃ ታጥቦ ይጥራ።»

አሸዋው ሳይታጠብ አልጠራ አለ፤ ዝገቱ ያለ አሸዋ አልለቅ አለ፤ ቀለሙ ዝገት ላይ አልይዝ አለ፤ ይመርም ጨው የማይበላው ቀለም ፈልጎ ቆመ።

ይመር ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ መንደሩ ጉድጓድ ወረደ። ከቧንቧው ጠብታ አልወጣም። የመንደሩ ሽማግሌ ሁመዱ ቁጢጥ ብለው ደረቁን ቧንቧ ይመለከቱ ነበር።

«አባባ ሁመዱ፣ ውሃው ምን ሆነ?»

«ውሃው አለ ልጄ፤ ከሥራችን ነው። ፓምፑ ነው የማይስበው፤ አንተ ደጋ ሳለህ ጄኔሬተሩ ተቃጠለ። አሁን የምንጠጣውን በግመል ነው የምናስመጣው፤ ጎህ ሲቀድ የወጣ ግመል ማታ ይመለሳል። ምራቴ ከወለደች ሦስት ቀኗ ነው። የምትታጠብበት የለኝም።»

ይመር ጀሪካኑን ከኋላው ደበቀ። ሰው ከሚጠጣው ላይ ለአሸዋ ልውሰድ ሊል አፉ አልታዘዘለትም።

ፓምፑ ያለ ጄኔሬተር አልስብ አለ፤ ውሃው ከጉድጓዱ አልወጣ አለ፤ አሸዋው ሳይታጠብ አልጠራ አለ፤ ዝገቱ ያለ አሸዋ አልለቅ አለ፤ ቀለሙ ዝገት ላይ አልይዝ አለ፤ ይመርም ጨው የማይበላው ቀለም ፈልጎ ቆመ።

«ሌላ ጄኔሬተር አይላክላችሁም?» አለ ይመር።

«ተልኳል እኮ። ከሐይቁ ማዶ፣ ጨው ቆራጮቹ ሰፈር ተቀምጧል። ያመጣው መኪና የጨው ጭቃውን አይቶ ከዚያው አራግፎት ተመለሰ። ካንተ በቀር መኪና ያለውን ሁሉ ለመንኩ። ጨው መኪናችንን ይበላዋል አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ እውነታቸውን ነው።»

መኪናው ያለ ደህና ቀለም ጨው ውስጥ አልገባ አለ፤ ጄኔሬተሩ ያለ መኪና አልመጣ አለ፤ ፓምፑ ያለ ጄኔሬተር አልስብ አለ፤ ውሃው ከጉድጓዱ አልወጣ አለ፤ አሸዋው ሳይታጠብ አልጠራ አለ፤ ዝገቱ ያለ አሸዋ አልለቅ አለ፤ ቀለሙ ዝገት ላይ አልይዝ አለ፤ ይመርም ጨው የማይበላው ቀለም ፈልጎ ቆመ።

ቆሞም አሰበ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የገዛ በሩ ላይ መጥቷል። እሱ ቀለም የሚፈልገው ለመኪናው ነው፤ ቀለሙ ደግሞ መጀመሪያ መኪና ይፈልጋል።

«የእኔም መኪና ግማሿ ተበልቷል አባባ» አለ።

ሁመዱ ቀና ብለው አዩት። «ግማሿ ግን ተርፏል።»

ይመር ወደ ከድጃ ሄዶ ነገራት። እሷም ሁለት ወፍራም የብረት ቁራጮች ፈልጋ ከመኪናዋ ሥር ገባች፤ የተበላውን ሻንሲ በግራ በቀኝ አስደግፋ በቡሎን አሰረችው። «እስኪመለሱ ይይዛል» አለች። ደግሞም «ኢንሻአላህ» ብላ ጨመረች።

በማግስቱ ማለዳ ይመርና ሁመዱ ወጡ። ሐይቁ በዚያ ወቅት ከዳር እስከ ዳር የተረከዝ ያህል ውሃ ለብሶ፣ ከሥሩ ጨዉ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ነፋስ አልነበረም። ሰማዩ እንዳለ መሬት ላይ ወርዷል። ደመናው ከላይም ከታችም ነው። መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ ሌላ መኪና በጀርባዋ ተንጋላ ጎማ ለጎማ ገጥማ አብራት ትሄዳለች። አሥራ አራት ዓመት በዳሩ ሲመላለስ ይመር መሐሉን አይቶት አያውቅም። ከበላዩ የሚያየው ፈጣሪ እንጂ እሱ የሚያየው የለም፤ ወፍ እንኳ የለም። ይህን ያህል ጨው የሠራ ጌታ ከአንድ ዝገታም መኪና ጋር ምን ጉዳይ ይኖረዋል ብሎ አሰበና እዚያው አፈረ።

መሐል ላይ ከሥራቸው ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁመዱ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ። ይመር ፍሬን አልያዘም፣ ነዳጅም አልጨመረም። ከቆመ ጎማዎቹ ይሰምጣሉ፤ ከቸኮለ ብረቱ ይበጠሳል። በሰው እርምጃ ልክ ነዳ። እንዲህ ማዶ ደረሱ።

ማዶ ላይ ጨው ቆራጮቹ ስምንት ሆነው ጄኔሬተሩን ጫኑላቸው። ይመር ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ተመለከተ። በግራ በኩል ሻንሲው ለሁለት ተበጥሷል፤ ጫፍና ጫፉን ያያዘው የከድጃ ብረት ነበር። ለሁመዱ ልንገር አልንገር እያለ ወጣ።

«ተበጥሷል አይደል?» አሉት ሽማግሌው።

«ተበጥሷል።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉና በሩን ከፍተው ቦታቸው ገቡ።

በመጡበት ፍጥነት ተመለሱ። ዓዶሌ ሲደርሱ መንደሩ በሙሉ ዳር ላይ ቆሞ ነበር።

አሁን ሰንሰለቱ መፈታት ጀመረ። መኪናዋ ጨው ውስጥ ገብታ ወጣች፤ ጄኔሬተሩ መጣ፤ ፓምፑ ሳበ፤ ውሃው ከጉድጓዱ ወጣ። መጀመሪያ አራሷ ታጠበች። ከዚያ ሰው ጠጣ፣ ከዚያ ፍየሉ፣ ከዚያ ግመሉ። ይመር ተራ ሳይጠይቅ ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሁመዱ ራሳቸው መጥተው «አሁን የአሸዋው ተራ ነው» አሉት።

አሸዋው ታጥቦ ጠራ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። ከድጃ ፊቷን ሸፍና ኮምፕሬሰሩን ለቀቀችው። ዝገቱ ለቀቀ። አሸዋው በሄደበት ሁሉ ብረቱ እንደ ብር ነጣ፤ ይመር የመኪናውን ብረት ራቁቱን አይቶት አያውቅም ነበር፣ ከሚረጨው አሸዋ መሸሽ ሲገባው ቆሞ ቀረ። የተበላው ተቆርጦ ወጣ፣ በቦታው አዲስ ብረት ተበየደ። አቧራው ተጠረገ። ከድጃ «ብረቱ እርጥበት ሳይቀምስ» ብላ ዕለቱኑ የመጀመሪያውን እጅ ቀባች፤ ሲይዝላት ሁለተኛውን ደረበች፤ ሦስተኛውን ከሥር፣ ከውስጥ፣ ዓይን በማያየው ማዕዘን ሁሉ አዳረሰች። መልኩ ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ግራጫ ነበር።

ቀለሙም ያዘ።

ሁመዱ ጠጋ ብለው በጥፍራቸው ቧጨሩት። ጥፍራቸው ተሸረፈ። ጥፍራቸውን አዩ፣ ቀለሙን አዩ።

ይመር በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ። ሲመለስ ከድጃ ጣሳ ይዛ ቆማለች። «ሁለቱ ቆርቆሮ ከተቀላቀለ ወዲያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ ይሆናል» አለችው። «ይሄ ተርፏል። ምን ላይ ላውለው?»

ይመር ጣሳውንና ብሩሹን ከእጇ ተቀበለ። ቀለሙ ሳይደርቅ ለመድረስ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ፓምፑን ያስስብ ነበር። ይመር ጨው ጭቃው ላይ ተንበረከከና የጄኔሬተሩን አራት የብረት እግሮች፣ እስከ ቡሎኑ፣ እስከ ሥሩ፣ በደመናው ቀለም ቀባቸው። ብሩሹ በእጁ እስኪደርቅ ድረስ አልተነሣም።

ወጌን ወሰዳችሁ፤ አፌን በጣፋጭ ውሃ አርሱልኝ።