ሳይጠየቅ የተሰጠ መጥረቢያ

የበደለኝ ሙዘይን ይባላል። ስሙን ስጠራ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ በሰው ሁሉ ፊት ያመነውን ነው የማወራው። ቀለም ባልቆጥርም ሐላልና ሐራም መለየት አያቅተኝም።

ከተማችን አሮጌ ናት፤ ከመስጊዱ ጓሮ ጀምሮ ጫካ ነው። ጫካው የአላህ አማና፣ አደራው ነው እንጂ የማንም አይደለም። ቀፏችንን እዚያ እንሰቅላለን፤ ማር ስንቆርጥ ለንቧ ድርሻዋን እንተዋለን። ዛፍ የሚቆረጠው ግን በአንድ መጥረቢያ ብቻ ነው፤ የሚይዙትም ሸኽ በድሩ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። የፈለገ ሰው ደጃቸው ይሄዳል። “የትኛውን ዛፍ? ለምን? በምትኩስ ምን ትተክላለህ?” ይሉታል። ሦስቱን ያልመለሰ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቀፎ ያለበትን ዛፍ የቆረጠ ደግሞ፣ የተበደለው ዓፍው ብሎ ይቅር ካላለው በቀር፣ ዓመት ሙሉ ጫካ አይረግጥም።

ሙዘይን የኔን ዋንዛ ጣላት። ሃያ ዓመት ቀፎ የሰቀልኩባትን ዋንዛ! ስደርስ ቀፎው ተፈረካክሷል፣ ንቡ ተበትኗል።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሰው ተሰበሰበ።

“ቀፎውን አላየሁትም፣ እማ ዘምዘም” አለ ሙዘይን። “ኒካሁ ደርሶብኝ፣ ለቤቴ ምሰሶ ቸኩዬ ነው።”

“ዓይንህን ለሙሽራዋ አስቀድመህ ልከኸው ነዋ!” አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። “ዓመቷን ይቅመሳት። ዓፍው የለኝም።”

ጫካ ያልገባ ሰው እኛ ዘንድ ቤት አይሠራም፤ ቤት ለሌለው ደግሞ ልጁን የሚድር የለም። ሁሉም ሸኹ እንዲለምኑኝ ጠበቀ። እኔም እምቢ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

ሸኹ ግን አልለመኑኝም። በምርኩዛቸው ተነሡና፣ “መጥረቢያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ” አሉ። “ሲመጣ የዙህር አዛን ይባላል። ሶላቱ እንዳያመልጠኝ ብዬ አንድም ነገር ሳልጠይቀው አስያዝኩት።”

“ታዲያ ለሶላት የቸኮለ ሰው ምን አጠፋ?” አለ አንዱ።

“አማናን ጥሎ ወደ ሶላት መሮጥ ማን አስተማረን? እኔም ዓመት ጫካ አልረግጥም። ቀፎዎቼን ዘምዘም ትያዝ።”

ሸኹ ከማር በቀር መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ሰው አጉረመረመ። እኔም ሆዴ ቢባባ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ “እኔን ለማሳፈር ከሆነ፣ ሸኽ፣ ዓይኔ አያፍርም!” አልኩ።

“ያንቺንማ ዓይን ማን ይደፍራል?” አሉ ፈገግ ብለው። “እኔ የፈራሁት የቂያማውን ቀን ነው። መጥረቢያ የሰጠ እጅ፣ ከቆረጠው እጅ በፊት ይጠየቃል።”

ያቺን የሸኹን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። እኛ ሰዎች ወንጀል የምንፈልገው ያላበው ሰው ላይ ነው። ያቀበለው፣ ያየው፣ አይቶም ዝም ያለው ንጹሕ ነኝ ብሎ ይተኛል። ያን ዕለት ሙዘይን መጥረቢያውን ተሸክሞ በደጄ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። “ወዴት ነው?” ብለው ኖሮ ዋንዛዬ ቆማ በዋለች። እኔ ግን ሰላምታውን እሱ ያስቀድም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

በማግስቱ፣ ሱብሒ ተሰግዶ ሲያበቃ፣ ከሸኽ በድሩ ደጅ ቆምኩ።

“መጥረቢያ ፈልጌ ነው።”

አተኩረው አዩኝ። “የትኛውን ዛፍ?”

“የወደቀችውን ዋንዛ።”

“ለምን?”

“ግማሿ ለዚያ ቸኳላ ምሰሶ፣ ግማሿ ለኔ ቀፎ። የሚቦረቡረው እሱ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉልኝ እርስዎ ነዎት። ጫካ ሳይገቡ ደግሞ አይሰቀልም።”

“በምትኩስ?”

ሻሼን ፈታሁና፣ ከነአፈሯ የጠቀለልኳትን የዋንዛ ችግኝ እጃቸው ላይ አኖርኩ።