ከማን ጋር መጡ?

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸውም ያብጣል። “እርጅና ነው” እያሉ ሁለት ክረምት አሳለፉና ሲብስባቸው ብቻቸውን ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሙ በግራ ጎናቸው አስተኛቸው፤ ደረታቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ በአልትራሳውንድ ልባቸውን አየ። ልባቸው ስክሪኑ ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንደኛው የልባቸው ግድግዳ ግን እንደ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሐኪሙ ደጋግሞ አየና “አባባ፣ ከማን ጋር መጡ?” አላቸው።

የእኛን አገር ታውቁት የለ? ክፉ ነገር የሚነገረው ለአስታማሚ እንጂ ለበሽተኛው አይደለም። ሽማግሌው “ብቻዬን ነኝ” ማለት አፈሩ። ወጡና ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት “እባክሽ፣ ለአንዴ ልጃቸው ነኝ በይልኝ” ብለው ለመኗት። ምን ታድርግ? ገባችላቸው።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። “አባቴ፣ ልብዎ ደክሟል። መድኃኒት አለው፤ ግን የሚከታተልዎ ሰው ያስፈልጋል ብሎኛል። የራስዎ ልጅ የለዎትም?”

“አለችኝ። ትደነቅ ትባላለች። ያልወደድኩትን ሰው አገባሽ ብዬ አባረርኳት፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት። እሷን የምትመስል ሴት ባየሁ ቁጥር እከተላለሁ፤ ቀረብ ስል ሌላ ናት። አንቺንም የመረጥኩሽ ቁመናሽ እሷን ቢመስለኝ ነው።”

“ታዲያ አይደውሉላትም?”

“በምን አፌ?”

የልጃቸው ቁጥር ግን ስልካቸው ውስጥ ነበር። ሴትየዋ ደወለችና ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

“አባዬ!” አለች ልጃቸው፣ ገና ሳይናገሩ።

“ቁጥሬን አላጠፋሽውም?”

“እርስዎ ይደውሉ ይሆናል ብዬ አይደል እንዴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥር ያልቀየርኩት?”

ሽማግሌው በሰው ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? የናፈቃችሁትን ሰው “እሱ ይደውል” ብላችሁ የተቀመጣችሁ ስንት ናችሁ? እሱም እኮ “እነሱ ይደውሉ” እያለ ነው! ማልደን ቤተ ክርስቲያን መጥተን “ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለን” እንላለን፤ ወንድማችንን በመንገድ ስናየው ግን እንሻገራለን። እስከ መቼ? እስከ ቀብር? ለቀብርማ ማን ይቀራል! ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ ደረታችንን እየመታን እንመጣለን። ያኔ ማን ይሰማናል?

ዛሬ ቤታችሁ ሳትደርሱ ደውሉ። ባያነሣ፣ ደግማችሁ ደውሉ።

እኔም ያኮረፍኩት ወንድም አለኝ። ስብከቴን ያሳጠርኩት ልደውልለት ነው።