ለቅሶ ላይ የሳቀው አስናቀ

በአንድ ወቅት፣ ፊልም በሲዲ እየተከራየ የሚታይበት ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ የሻረግ የምትባል ነፍሰ ጡር ባሏን በመኪና አደጋ አጣች። ባሏ አስናቀ ይባላል፤ ቀለም ቀቢ ነበር። ስልኩም መታወቂያውም መኪናው የገባበት ገደል ውስጥ ቀሩ። ቤት የነበሩት ፎቶዎች ደግሞ በክረምቱ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር፤ ሲያላቅቋቸው ፊት የሚባል ነገር አልተረፈም። ከሦስት ወር በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ሰፈርተኛው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ሲገባ፣ አራሷ ገንፎውን ገፋ አድርጋ ታለቅሳለች።

«ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «በፊት ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር። አሁን የሚመጣው ኮቱ ብቻ ነው። ይሄ ልጅ ነገ አባቴ ምን ይመስል ነበር ሲለኝ ምን ላሳየው?»

እዚያው የንስሐ አባቷ ቄስ በሪሁን ባሉበት ቃል ገባች፤ የአስናቀን ፊት ያመጣላት ሰው ለልጇ የክርስትና አባት ይሆናል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው፤ የቀራት ሃያ ስምንት ቀን ነበር።

መጀመሪያ ብድግ ያለው ጌጡ ነው፤ አናጢ፣ የአስናቀ የልብ ወዳጅ። «ፊልም ላይ አለ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ከዓመታት በፊት ፊልም ሠሪዎች ለለቅሶ ትዕይንት ሰው ቢያጥራቸው ሁለቱን ከመንገድ ጠርተው አስገብተዋቸዋል። አልቅሱ ተባሉ። አስናቀ የውሸት ለቅሶውን ሲያይ ሳቁ መጣበትና አፉን በጋቢ ሸፈነ። አዘጋጁ አላየውም፣ ጌጡ ግን አይቶታል። «ስቋል! እምላለሁ፣ ስቋል!» ይህን የሚያውቅ ሰው ከእሱ በቀር አልነበረም። የፊልሙንም ስም አልረሳም፤ ሲዲው ግን የለውም።

ሲዲውን ፍለጋ የወጣው ይርጋ ነው። ይርጋ ድሮ ፊልም ያከራይ ነበር፤ ሱቁን ሲዘጋ ሲዲዎቹን ጠቅልሎ ገበሬዎች ሰጥቷቸዋል። ገበሬ ደግሞ ሲዲ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ በክር አንጠልጥሎ በብልጭታው ወፍ ያባርርበታል። ይርጋ ከማሳ ማሳ እየዞረ የተንጠለጠለውን ሁሉ ሲያገላብጥ፣ ያንን ፊልም አያ ቢተው የሚባሉ ሰው ማሽላ ውስጥ አገኘው።

«ማሽላዬ ሊደርስ ነው» አሉ አያ ቢተው። «ወፉን ማን ይጠብቅልኛል?»

«እኔ» አለ ይርጋ።

ምን ያድርግ? ማማ ላይ ወጥቶ አሥር ቀን ሙሉ ወንጭፍ ሲያጮህ ከረመ። እጁ ውሃ ቋጠረ፣ ፊቱ ተላጠ። ማሽላው ሲታጨድ ሲዲውን ተቀብሎ መጣ፤ ጭረቱን በጥርስ ሳሙና አሸው። ሰፈሩ ውስጥ ግን ኮምፒውተር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እሱም መምህር ላቀው ነው። ላቀውና አስናቀ እንደተኳረፉ ነው ሞት የለያቸው፤ የሁለት ዓመት ኩርፊያ ነው። ነገሩ የአሸንዳ ነበር። ከላቀው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ አስናቀ ቤት ይገባል፤ «አሸንዳህን አሠራ» ቢለው፣ «አንተ ግድግዳህን አሠራ» አለው። እነዚያን ፎቶዎች የጨረሳቸው ይኸው ውሃ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ላቀውም ያውቃል።

ላቀው ሲዲውን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ለቅሶው ላይ ሲደርስ ፊልሙን አቆመና ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ስዕል ቀዳው፤ አውጥቶ ሲያየው ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ። ሌላ የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነ። አሁን ስዕሉ ወጣ፤ ግን አስናቀ ወይ አፉን ሸፍኗል፣ ወይ ፊቱ ተደራርቦ ሁለት አፍንጫ አውጥቷል። ፊልም በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ስዕል ነውና ላቀው አንድ በአንድ ያስኬዳቸው ጀመር። ሲዲው ይዘላል፣ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያኮረፈውን ሰው ፊት ሦስት ቀን ሲያይ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ጋቢው ዝቅ ያለባትን፣ ፊልሙ ሲሄድ ማንም የማያያትን አንዲት ስዕል አገኘ። አስናቀ ይስቃል። ያዛት። ወዲያው ሲዲው ማሽኑ ውስጥ ቀው ብሎ ተሰነጠቀ።

የሻረግ ታትሞ የመጣላትን ፎቶ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ተቀበለች። «እሱ ነው! አልቅስ ሲሉት የሚስቅ፣ እሱ ነው እንጂ!» ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ልጁንም አንስታ ከፎቶው ፊት አቀረበችው።

በአርባኛው ቀን ቄስ በሪሁን «የክርስትና አባቱ ማነው?» ሲሉ ሦስቱም ወደ ፊት ወጡ።

«እኔ ባላስታውስ ማን ይፈልገው ነበር?» አለ ጌጡ።

«ማስታወስማ በአፍ ነው» አለ ይርጋ። «ከማሽላ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ፊቱን ያጠፋሁትም የመለስኩትም እኔ ነኝ» አለ ላቀው።

«ታዲያ ላጠፋኸው ካስክ እንጂ ምን ውለታ ዋልክ?» ጌጡ ተቆጣ።

«አስናቀን አልታረቅኩትም» አለ ላቀው። «ልጁን ካነሳሁ ግን እታረቀዋለሁ።»

«ለአንድ ልጅ አንድ የክርስትና አባት ነው» አሉ ቄሱ። «ቃሉ ያንቺ ነው፣ ልጄ፤ ጥሪው።»

የሻረግ ሦስቱን ተራ በተራ አየች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ የወለደችውን ለታቀፈች ሴት ግን ይሄን ማን ይተርትባታል? ባሏ ቢኖር ማንን ይጠራ እንደነበር ልትጠይቀው ፎቶውን አወጣች። ፎቶው ይስቃል እንጂ አይናገርም።

ውሃው ተባርኳል፣ ልጁ ራቁቱን ነው፣ ጠዋቱም ብርድ ነው። እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ የአስናቀን ልጅ ማን ክርስትና ያንሳው?