ጥርኝ ቅሉ ላይ የሣለው ጥጃ

ድሮ ነው፤ ደመና እንደ እንግዳ መሬት ላይ ወርዶ በሚያድርበት ዘመን። ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አንድ ሐይቅ ዳር፣ ጠዋት ጠዋት ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። እንስሳቱ የሚተዋወቁት በመልክ ሳይሆን በድምፅና በጠረን ነበር።

እዚያ አንዲት ሚዳቋ ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ሣሩ ላይ ጤዛ በተኛበት ሰዓት ስለሆነ፣ ስሙን ጤዛ አለችው። ጤዛ ሲጠባ ጭራው ትወዛወዛለች፤ ጠግቦ ሲተኛ ደግሞ ከንፈሩ ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ ትቀራለች። ሚዳቋ ያቺን ጠብታ ማየት ትወድ ነበር። ግን የመጀመሪያ ልጅ ነውና ልቧ አያርፍም። ባለቀሰ ቁጥር "አልጠገበልኝ ይሆን?" ትላለች።

ይህችን ጥያቄዋን ጥርኝ ሰማት።

ጥርኝ በአንድ ትልቅ ዋርካ ጎድጓዳ ግንድ ውስጥ ጨው ይሸጥ ነበር። ጨው የማይልስ እንስሳ የለምና ሁሉም ወደ ሱቁ ይመጣል። ጥርኝ ሆዱ ጠግቧል፤ ጀርባው ግን አልጠገበም። ዋርካው ውስጥ ይበርዳል፤ እሱ ደግሞ ከደመና የለሰለሰ አልጋ ያምረዋል። "ከእናቶች ጠጉር የለሰለሰ ምን አለ?" አለ ለራሱ።

ከቆላ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የነጭ ሥር ዱቄት አመጣና ቅሎች ውስጥ ሞላ። በየቅሉ ላይ በከሰል አንድ ጥጃ ሣለ፤ ጉንጩ የሞላ፣ ዓይኑ የሚስቅ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ቀደድ ያለ። ከራሱ ዝባድም ሽቶ እንዲሆን ቀባ ቀባ አደረገበት። ከዚያ ጨውን ወደ ግንዱ ጥግ ገፋው፤ ቅሎቹን በሩ ላይ በእናቶች ዓይን ልክ ደረደራቸው። ለጨው የመጣች እናት ሁሉ በጥጃዎቹ መሃል ማለፍ ግድ ሆነባት። ጉሙ ሲገባ ጥጃዎቹ የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር።

ጥርኝም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያዜማል፦

"ጡት ይነጥፋል፣
የጥርኝ ቅል ይተርፋል!"

አንድ ጠዋት ሚዳቋ ጤዛን አስከትላ ለጨው መጣች። ጥጃው ቅሉ ላይ ሆኖ ሲያያት ቆም አለች።

"እታለም! እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለ ጥርኝ። "ልጅሽ ነው? ውይ፣ አልከሳም እንዴ?"

"ኧረ አልከሳም አያ ጥርኝ፤ ሚዳቋ እኮ ነን። እግራችን ቀጭን ነው።"

"ይሁና፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ግን አያለቅስም?"

"ያለቅሳል።"

"አየሽ! የጠገበ ልጅ ምን ያስለቅሰዋል?"

ሚዳቋ ዞር ብላ የጤዛን ጎን አየች። ጨው ይዛ የምትወጣው ጦጣ ደግሞ ሳቀችባት። "ኧረ ውሰጂ አንቺ! በዚህ ዘመን ማን ጡቱን ያስጎትታል? እኔ ልጄን ቅል አስይዤ ከዛፍ ዛፍ ስዘል ነው የምውለው።"

"ዋጋውስ?" አለች ሚዳቋ ቀስ ብላ።

"ካንቺ ነው ዋጋ የምቀበለው? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅሎች ስጦታ ናቸው። ለልጅ ብዬ!"

በመጀመሪያው ቅል ጤዛ ጠግቦ ተኛ። በሁለተኛው ቅል የዝባዱን ሽታ ለመደና ጡቷን ሲያይ ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቅል የሚዳቋ ጡት ተወጠረ፣ ከዚያ አመማት፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ለአራተኛው ስትመጣ ጥርኝ "ከጀርባሽ አንድ ጭብጥ ጠጉር" አላት።

"ስጦታ ነው አላልክም?"

"ሦስቱን ነዋ! ካልፈለግሽ ጡትሽን ስጪው፤ ማን ከለከለሽ?" ጡቷ ዝም እንዳለ ያውቃል። ዘወር ብሎ ማዜሙን ቀጠለ፦

"ጡት ይነጥፋል፣
የጥርኝ ቅል ይተርፋል!"

እንዲህ እንዲህ እያለ የጥርኝ አልጋ ከፍ አለ፤ የእናቶቹ ጀርባ ተመለጠ። ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። "ምነው በረደሽ?" አይባባሉም። እያንዳንዷ የነጠፈባት እሷ ብቻ ስለሚመስላት ታፍራለች።

በጋው ሲገፋ የሐይቁ ውሃ ደፈረሰ። ሚዳቋም የምትነጨው ጠጉር እያለቀባት ሲሄድ ዱቄቱን ማሳነስ፣ ውሃውን ማብዛት ጀመረች። ጤዛን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ። አንድ ቀን ጭራሹን ማልቀስ ተወ፤ ያ ዝምታ ከልቅሶው ይልቅ አስፈራት።

ቅሉን ፊቷ አስቀምጣ ጥጃውን አየችው። ጉሙ ሲያልፍበት ጉንጩ የሚንቀሳቀስ መሰላት።

"አንተ ልጅ" አለችው፣ "እንዳንተ ያልሆነልኝ አበጣበጡን ባላውቅበት ነው። እናትህ እንዴት እንደምትበጠብጥልህ ትንገረኝ። የት ነው ያለችው?"

ጥጃው መሣቁን ብቻ ቀጠለ። ሚዳቋ ግን እናት የሌለው ጥጃ እንደሌለ ታውቃለች። ቅሉን በአፏ አንጠልጥላ፣ ጤዛን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ሐይቁን ልትዞር ተነሣች።

ሄደች፣ ሄደች። ጉሙ እንደ ነጠላ እየተገለጠ መንገድ ይሰጣታል፤ ከኋላዋ ደግሞ ይከደናል። ከሐይቁ ማዶ፣ ምንጭ የሚፈልቅበት ለምለም መስክ ላይ፣ ያንን ጥጃ ቆሞ አገኘችው። ጉንጩ ሙሉ፣ ዓይኑ ሳቂታ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ቀደድ ያለ። ከአንዲት ትልቅ ጎሽ ሥር ገብቶ እየጠባ ነበር።

"እትዬ ጎሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ሚዳቋ። "ለአንድ ቅል ውሃ ስንት ጭብጥ ዱቄት ነው የሚበጠብጡለት?"

"የምን ዱቄት?"

ሚዳቋ ቅሉን አሳየቻት። ጎሽ ቅሉን አየች፣ ልጇን አየች፣ ቅሉን ደግማ አየች።

"ይሄማ የኔው ልጅ ነው! ባለፈው አንድ ሽታ ሽታ የሚል ነገር ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ሲያጮልቅብን ነበር። ለካ ሲሥል ኖሯል! ስሚኝ ልጄ፣ የዚህ ልጅ አፍ ከጡቴ ሌላ የነካው ነገር የለም።"

ሚዳቋ ቅሉን በአፍንጫዋ ገፋችው። "የኔ እኮ ነጠፈ" አለች።

"ማን አለሽ? ጡት ምንጭ ነው፤ ሲቀዱት ይመጣል፣ ሲተዉት ይደፈናል። ልጅሽን አስጠጊው። ባይመጣም አስጠጊው።"

ጎሽ እንደ አራስ ተንከባከበቻት። ለምለሙን አበላቻት፣ ከምንጩ አጠጣቻት፣ በተመለጠው ጀርባዋ በኩል ተኝታ አሞቀቻት። በመጀመሪያው ቀን ጤዛ ጠባ፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ጠባ፤ ተናደደና በግንባሩ መታት። በሦስተኛው ቀን እሷም እሱም ሳያስቡት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሚዳቋ ዓይኗን ስትገልጥ የጤዛ ከንፈር ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ ነበረች።

ጤዛ ሲጠነክር ጎሽና ጥጃዋም አብረዋቸው ወደ ዋርካው መጡ። ጥርኝ የጠጉር አልጋው ላይ ተንጋሎ "ጡት ይነጥፋል…" ብሎ ሳይጨርስ፣ ጥጃው በበሩ ገባና ከቅሎቹ ጎን ቆመ። ለጨው የመጡት እናቶች ሁሉ ጆሮውን አዩ፣ የሥዕሉን ጆሮ አዩ። ጥጃው ቅሉን አሽትቶ አስነጠሰ፤ ተመልሶ እናቱ ሥር ገባና መጥባት ጀመረ።

እናቶቹ ጥርኝን ከበቡት። ሽማግሌው አባ ኤሊ ተጠሩ።

"ጥጃው ዱቄቱን ጠጥቶ ወፈረ ብያለሁ እንዴ?" አለ ጥርኝ። "ሣልኩት እንጂ! መሣል ነውር ነው?"

"አፍህማ አልዋሸም" አሉ አባ ኤሊ። "የዋሸው ከሰልህ ነው።"

"ቅሎቹን እንስበራቸው!" አለች ጦጣ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ነበረች።

"ተዪ አንቺ!" አለች ከወደ ኋላ ጃርት። ደረቷ ሥር አንዲት ትንሽዬ የጃርት ግልገል ደብቃለች። "እህቴ ወልዳት ሞተች። እኔ ደግሞ ጡት የለኝም፤ አሮጊት ነኝ። ንጹሕ ውሃ ከምንጭ እየቀዳሁ፣ ዱቄቱን ሳላሳንስ እየበጠበጥኩ ነው ያሳደግኳት። ቅሉን ብትሰብሩት ይህቺን ምን ላጠጣት?"

አባ ኤሊ አንገታቸውን አስገቡ። ከዚያ አወጡት።

"ቅሉ አይሰበር። ግን ጨው በር ላይ ይውጣ፣ ቅል ጓዳ ይግባ። ያለ ሽቶ፣ ያለ ሥዕል፣ ያለ ጠጉር። ከልቧ የቸገራት እናት ለጃርት ትንገር፤ ጃርት ታውቃለች። ሥዕሉን ደግሞ የሣለው ይጥረገው።"

"በምኔ ልጥረገው?" አለ ጥርኝ።

"‹ልጅሽ ከሳ› ባልክበት ፊትህ።"

ጥርኝ ቅሎቹን አንድ በአንድ በጉንጩ ጠረጋቸው። ጥጃዎቹ ጠፉ፤ ከሰሉ ግን ዓይኑ ሥር ቀረ። እናቶቹም የጠጉሩን አልጋ አንሥተው የታመሙ ልጆቻቸውን አስተኙበት። ይኸው እስከ ዛሬ የጥርኝ ፊት ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ነው። ስለሚያፍርም ሳይመሽ አይወጣም።

በማግስቱ ጉሙ ተመልሶ ወረደ። ጤዛ አለቀሰ። ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና "አንቺ፣ አልጠገበም እንዴ?" ብላ ጠየቀች።

"ልጅ አይደል፣ ያለቅሳል" አለች ሚዳቋ፤ አስጠጋችውም።

ተረቴ ወደ ጉሟ ገባች፤ ለእናንተ የተወችው ይህችን ነው፦

ሥዕል አይቶ ከመሸመት፣
መጠየቅ ነው የሥዕሉን እናት።