ሦስቱ ሽኮኮዎችና የአባታቸው ምሰሶ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ ዳቦ ያለው ደግሞ ይበልጥ ጠጋ ይበል።

ድሮ ድሮ፣ እንጨትም እንስሳም በሚናገርበት ዘመን፣ ሦስት የሽኮኮ ልጆች ነበሩ። ታላቁ ድንበሩ፣ መካከለኛዋ ጥላነሽ፣ ታናሿ ትርፌ ይባላሉ። አባታቸው ሲሞት አንዲት ክብ የሳር ቤት ትቶላቸው «የሦስታችሁም ናት» ብሎ ነበር። እነሱ ግን የሦስት መሆኗን ሰምተው አንድ መሆኗን ረሱ።

ድንበሩ የበኩር ልጅ ነኝና በሩ የኔ ነው አለ። ጥላነሽም ሳሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ፣ ጣሪያው የኔ ነው አለች። ለትርፌ የቀረላት ጭስ ያጠቆረው ምሰሶ ነበር።

«እሱን ውሰጂ፤ ጀርባሽን ታኪበታለሽ» ብለው ሳቁባት።

ትርፌ እንባዋ መጣ። እሷ የምትፈልገው እንደ ድሮው ሦስቱም ተቃቅፈው መተኛትን ነበር።

በማግስቱ ድንበሩ በሩን ዘጋ። እህቶቹ በግድግዳው ሥር ምሰው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ጥላነሽ ተናዳ ከወንድሟ መኝታ በላይ ያለውን ሳር ገፈፈችበት። ዝናብ መጣ፤ ድንበሩ በሰበሰ። ውሃ ግን የማን ድርሻ እንደሆነ አይጠይቅምና የሁሉንም መኝታ አራሰ።

ትርፌ ወደ ሽማግሌው ኤሊ ሮጠች። ቤታችን ሊፈርስ ነው፣ ምን ይሻላል ስትል ጠየቀቻቸው። አያ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ፣ አስገቡ፣ ደግሞ አወጡ።

«እኔ ማንም የማይካፈለኝ ቤት አለኝ፤ ማንም ጀርባዬን አያክልኝም» አሉ። «ሂጂና ድርሻሽን ልትነቅዪ ተነሺ። ማን ሮጦ እንደሚይዘው እናያለን። እኔም ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

ትርፌ እየፈራች የምሰሶውን ሥር መጫር ጀመረች።

«ልጄ፣ እኔስ ብወድቅ ማገዶ እሆናለሁ፤ እናንተ ምን ልትሆኑ ነው?» አላት ምሰሶው።

ጣሪያው ጥላነሽን ልወድቅ ነው ብሎ ጠራት። በሩም ድንበሩን ተጣመምኩ፣ ድረስልኝ አለው። ሁለቱም ሮጠው መጡና ምሰሶውን አቀፉት።

«ምን ሆነሻል? ተይ እንጂ» አለ ድንበሩ።

«ወንድም ጋሼ፣ የራሴን ድርሻ ነው የምወስደው» አለች ትርፌ። ምሰሶው ዘንበል ሲል ግን እሷም አብራ አቀፈችው።

እንግዲህ አንዱ ቢለቅ ቤቱ ሊወድቅ ነው። የኤሊ መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። ክንዳቸው እስኪዝል ቆሙ። የድንበሩ ጢም የጥላነሽን አንገት ኮረኮራትና ሳቀች፤ ድንበሩም ሳቀ፤ ትርፌማ ከደስታዋ ብዛት ልትለቀው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ኤሊ ደረሱ።

«የያዛችሁት የማንን ድርሻ ነው?»

ድንበሩ አቀረቀረ። «የሁላችንን፣ አያ ኤሊ» አለ።

ሽማግሌው አፈሩን በደረታቸው እየተጫኑ ጠቀጠቁት። ድንበሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ጥላነሽ ሳሩን መለሰች፣ ትርፌም ምሰሶውን ቅቤ ቀባችው። ያን ቀን ሦስቱም ተቃቅፈው ተኙ።

የጋራ ቤት አብረው ሲኖሩበት እንጂ ሲቆራርጡት አይበረክትም። እኔም ተረቴን ሳልቆርስ ሰጥቻችኋለሁ፤ እናንተ ዳቦውን ቆርሳችሁ ስጡኝ።